በግድብ ሊዋጥ የነበረው የገበሬ ቤት

ቤይሊፍ የሚባለው ቤት የተሠራው በእንግሊዝ አገር፣ ኬንት ውስጥ፣ ቺዲንግስቶን ከምትባል መንደር አጠገብ ባለ ሸለቆ ነው። በ1960ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሸለቆው ባው ቢች ለተባለ የውሃ ማጠራቀሚያ ተመረጠ። በውስጡ የነበሩት የእርሻ ቤቶችም ውሃ ሊውጣቸው ሆነ። ከነሱ አንዱ ቤይሊፍ ነበር፤ ዕድሜው ያን ጊዜ ከ500 ዓመት አልፏል። የውሃ ኩባንያው ቤቱን ገና በመመሥረት ላይ ለነበረ ሙዚየም ሰጠው። በ1968 እና በ1969 እንጨት በእንጨት ተፈታ፤ በ1972 ደግሞ ከዚያ ርቆ በዌስት ሰሴክስ፣ በሲንግልተን መንደር፣ ዛሬ ዊልድ ኤንድ ዳውንላንድ በሚባለው ሙዚየም ግቢ መልሶ ቆመ።

«ተፈታ» ያልኩት አስቤበት ነው። የድንጋይ ቤት ሲነሳ ይፈርሳል። ይህ ቤት ግን እንደ ሸማኔ ዕቃ ተፈትቶ፣ ተጭኖ፣ ሌላ ቦታ ተገጠመ። እንዴት ቢሠራ ነው ይህ የተቻለው? መልሶ ሲገጠምስ ከብዙ ዘመናቱ የትኛውን መልክ መያዝ ነበረበት? የመጀመሪያውን ጥያቄ አናጢ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ግን የኅሊና ጥያቄ ነው፤ ለኔ ይህ ቤት ሊጠና የሚገባው በሱ ምክንያት ነው።

የቤቱ አካል

እንዲህ ያለው ቤት «ዊልደን» ይባላል። ስሙ የመጣው ዊልድ ከተባለው፣ ኬንትን፣ ሰሬይንና ሰሴክስን ከሚያካልለው፣ ደን ከበዛበት ጭቃማ ምድር ነው። በ1348 እና በ1349 የገባው ታላቅ ወረርሽኝ የእንግሊዝን ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ለተረፈው ሰው መሬቱ ሰፋ፣ የጉልበት ዋጋም ተወደደ። በተከተለው መቶ ዓመት የመኳንንት ዘር የሌላቸው፣ ነገር ግን የደላቸው ገበሬዎች ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቤት ማሠራት ቻሉ። ከመላው እንግሊዝ የዚህ ዓይነት ቤት በብዛት የተረፈው ኬንት ውስጥ ነው።

ቤቱን ፊት ለፊት ሆኖ ለሚያየው መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ጣሪያው ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ፣ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ከሥሩ ያለው ግድግዳ ግን ቀጥ አይልም። በግራና በቀኝ ጫፍ ያሉት ክፍሎች ባለ ፎቅ ናቸው፤ ፎቃቸውም ከምድር ቤቱ ግድግዳ አልፎ ወደ ደጅ ብቅ ይላል። መካከሉ ፎቅ ስለሌለው ግድግዳው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይቀራል። ጣሪያው በሁለቱ ጫፎች ልክ ስለሚሄድ እመሃል ሲደርስ ከግድግዳው ርቆ ይንጠለጠላል። ይህን የተንጠለጠለ ክፈፍ የሚሸከሙት ከሁለቱ ጎን የሚነሱ፣ እንደ ቀስት የጎበጡ ሁለት ድጋፎች ናቸው። የዊልደን ቤት መለያው እነዚህ ናቸው፤ አንዴ ያወቃቸው ሰው በኬንት መንገዶች ሲያልፍ ከሩቅ ይለያቸዋል።

ውስጡ ስድስት ክፍል ነው። መካከሉን የያዘው አዳራሹ ሲሆን ከወለሉ እስከ ጣሪያው ጫፍ ክፍት ነው። በአዳራሹ አንድ ጫፍ ከፊት በር ወደ ጓሮ በር የሚወስድ መተላለፊያ አለ፤ ከመተላለፊያው ወዲያ ሁለት ጓዳዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ የመጠጥ፣ ሌላው የእህልና የምግብ ነው፤ ከላያቸው አንድ ክፍል አለ። በሌላው ጫፍ ምድር ላይ የውስጥ ክፍል፣ ከሱ በላይ ደግሞ የቤቱ ጌታና እመቤት የሚተኙበት ክፍል አለ። ይህ ክፍል ከፎቁ ወደ ውጭ ብቅ ያለ የራሱ ሽንት ቤት አለው።

አቀማመጡ ማንም ሳይነግር የቤቱን ሥርዓት ይነግራል። መተላለፊያው ነፋስና ጭቃ፣ አሽከርና ባልዲ የሚመላለስበት ወገን ነው። የጌታው ገበታ የሚዘረጋው ከዚያ ርቆ፣ በአዳራሹ ላይኛው ጫፍ ነበር። ከውጭ የገባ እንግዳ ማን የት እንደሚቀመጥ ገና በሩን እንዳለፈ ይገባዋል።

እሳቱ የሚነደው አዳራሹ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ነው። የጭስ ማውጫ የለም። ጭሱ ወደ ላይ ይወጣና ጣሪያው ሥር ይተኛል፤ ከዚያ በሸክላ ክዳኑ ክፍተቶች ቀስ እያለ ይሾልካል። ጎጆ ቤት ያደገ ሰው የዚህን ጭስ ጠባይ ያውቀዋል፤ ዝቅ ብሎ ለተቀመጠ ይምራል፣ ለቆመ ግን ዓይን ያቃጥላል። መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም። ማዕዘናቸው ወደ ፊት የዞረ የእንጨት ዘንጎች ተደርድረውባቸዋል፤ ብርዱ ሲብስ በእንጨት መዝጊያ ይዘጋሉ። ያን ጊዜ ቤቱ ይጨልማል። ስለዚህ በክረምት ብርሃንና ሙቀት አብረው አይገኙም ነበር።

አናጢው ምን አደረገ

አጽሙ ሙሉ በሙሉ የኦክ እንጨት ነው። የዘመኑ አናጢ ኦክን የሚሠራው እርጥቡን ነው። እርጥብ ኦክ ለመጥረቢያም ለመሮም ይታዘዛል፤ ሲደርቅ ግን እንደ ብረት ይጠነክራል። እያንዳንዱ የግድግዳና የጣሪያ ክፍል በቅድሚያ መሬት ላይ ተጋድሞ ይገጠማል። የአንዱ እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ይቀጥናል፣ ሌላው ላይ ለሱ ልክ የሆነ ጉድጓድ ይፈለፈላል፣ ምላሱ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሁለቱን የሚያልፍ ቀዳዳ ተበስቶ የእንጨት ሚስማር ይመታበታል። የብረት ሚስማር አጽሙን አይዝም።

እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል ብልሃት አለች፤ እኔን ይበልጥ የምታስደንቀኝ እሷ ናት። በምላሱ ላይ የሚበሳው ቀዳዳና በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የሚበሳው ቀዳዳ ልክ ለልክ አይገጥሙም። አናጢው ሆን ብሎ ጥቂት ያዛንፋቸዋል። ሚስማሩ ሲመታ በተዛነፈው መንገድ ለማለፍ እየታገለ ምላሱን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ መጋጠሚያውም ጥርቅም ይላል። እንጨቱ እየደረቀ ሲኮማተር እንኳ መጋጠሚያው እንዳይላላ ያደረገው ይህ ነው።

መሬት ላይ ሲገጠም አናጢው በየመጋጠሚያው ላይ ምልክት ይቀርጻል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሮማውያን ቁጥር፣ ምክንያቱም ቀጥተኛ ጭረት በመሮ ለመቅረጽ ይቀላል። ከዚያ አጽሙ ይፈታል፣ ወደ ቦታው ይጓዛል፣ በቁጥሩ መሠረት ይቆማል። እንግዲህ የእንጨት አጽም ቤት ገና ሲወለድ አንድ ጊዜ ተገጥሞ፣ ተፈትቶ፣ እንደገና የተገጠመ ነው። በ1968 የመጡት ሰዎች ያደረጉት የመጀመሪያው አናጢ ያደረገውን ነው፤ ልዩነቱ እነሱ በየእንጨቱ ላይ የራሳቸውን መለያ ማሰራቸውና እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሥዕልና በፎቶግራፍ መመዝገባቸው ነው።

ነገር ግን ሥራው እንደ መጀመሪያው ቀላል አይደለም። እርጥብ ተገጥሞ የደረቀ ኦክ ይጣመማል። እያንዳንዱ ቋሚ ከጎረቤቱ ጋር ተያይዞ፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ ለብዙ መቶ ዓመታት ስለተጣመመ የገዛ ቦታው ላይ ካልሆነ አይገባም። ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ድጋፎች ቢቀያየሩ አንዳቸውም አይገጥሙም። የበሰበሰ እንጨት ሲገኝ የተበላሸው ብቻ ይቆረጥና በአዲስ ኦክ ይቀጠላል፤ አሮጌው እንጨት በተቻለ መጠን እንዲቀር የዚህ ሥራ ባለሙያዎች ብዙ ይደክማሉ።

ጣሪያው የራሱ ነገር አለው። በአዳራሹ መካከል፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ አንድ ወፍራም አግዳሚ እንጨት ተዘርግቷል። ከአግዳሚው ወገብ ላይ አጭር ምሰሶ ይነሳል፤ እንግሊዞቹ የዘውድ ምሰሶ ይሉታል። ከአናቱ ላይ ድጋፎች እንደ ቅርንጫፍ ተዘርግተው በጣሪያው ርዝመት የሚሄደውን ሌላ አግዳሚ ይይዛሉ። የጣሪያውን ወጋግራዎች ጥንድ ጥንድ አድርገው የሚያያይዙት አጫጭር አግዳሚዎች በዚህ ላይ ያርፋሉ። አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጠ እንግዳ ምሰሶው ከእሳቱ በላይ፣ በጭሱ ውስጥ የቆመ ዛፍ ይመስላል። አናጢው ድጋፎቹን አሳምሮ ያጎበጣቸው ለጥንካሬ ብቻ ነበር ማለት አልችልም፤ ባለቤቱ ቀና ብሎ እንዲያያቸው የተሠሩ ናቸው።

ግድግዳው ደግሞ ለኛ አዲስ አይደለም። በአጽሙ ቋሚዎች መካከል የተሰነጠቁ እንጨቶች ይቆማሉ፣ በነሱ ላይ ቀጫጭን ዘንጎች እንደ ማገር ይጠላለፋሉ፣ ጭድና እበት የገባበት ጭቃ በሁለቱም ወገን ይለጠፋል፣ በላዩ ኖራ ይቀባል። ጭድና እበት ለምን እንደሚገባ ጭቃ ያቦካ ሰው ያውቀዋል፤ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ነው። ልዩነቱ እዚያ ጣሪያውን የሚሸከመው አጽሙ ብቻ መሆኑ ነው። ጭቃው ነፋስ ከመከልከል ያለፈ ሥራ የለውም። ቤቱ ሲፈታ ወደ ሲንግልተን የተጓዘው እንጨቱ ነው፤ ጭቃው አይጓዝም፣ እዚያው እንደ አዲስ ተሠራ።

ዕድሜውን ማን ነገረን

ቤቱ መቼ እንደተሠራ የሚናገሩት እንጨቶቹ ራሳቸው ናቸው። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ ዝናብ በበዛበት ዓመት ወፍራም፣ በድርቅ ቀጭን። የአንድ አካባቢ ዛፎች ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ስለሚይዙ የአሮጌ እንጨት ቀለበት ዘመኑ ከታወቀ ቅደም ተከተል ጋር ሲነጻጸር የተቆረጠበት ጊዜ ይታወቃል። የቅርፊቱ ጠርዝ ከተገኘ ዓመቱ በትክክል ይወጣል። የውጪኛው ለስላሳ እንጨት ከተጠረበ ወይም ነቀዝ ከበላው ግን የሚገኘው የዓመታት ክልል ነው። የቤይሊፍ አዳራሽና የጓዳው ወገን እንጨት ከ1405 እስከ 1430 ባለው ጊዜ ውስጥ ተቆርጧል። የላይኛው ጫፍ፣ ማለትም የውስጥ ክፍሉና ከላዩ ያለው መኝታ ቤት፣ ከ1505 እስከ 1510 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ይህ ቤት ገና ከጥንቱ የአንድ ቀን ሥራ አልነበረም። ሁለት አናጢዎች፣ በመካከላቸው ሦስትና አራት ትውልድ ያለፈ፣ እጃቸውን አኑረውበታል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሥራ አክብሮ፣ ከዚያው ጣሪያ ጋር አጣጥሞ ነው የቀጠለው።

የትኛው ቤት ይቁም?

ጭንቁ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1968 ቺዲንግስቶን ላይ የቆመው ቤይሊፍ የ1510ን አይመስልም ነበር። በኋለኛው ዘመን የኖሩበት ሰዎች ጭስ ሰልችቷቸው የጡብ ጭስ ማውጫ አስገብተዋል፤ ጭሱ መንገድ ካገኘ በኋላ ክፍት የነበረውን አዳራሽ በወለል ለሁለት ከፍለው ፎቅ አድርገውታል። በደቡብ እንግሊዝ ባለ አዳራሽ ቤቶች አብዛኞቹ እንዲህ ተለውጠዋል። የቤይሊፍ ነዋሪዎች በዚህ በተለወጠው ቤት ውስጥ የኖሩት ዘመን ክፍት እሳት እየሞቁ ከኖሩት ይበልጣል።

ሙዚየሙ የኋላ ጭማሪዎቹን ትቶ ቤቱን ወደ 16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ መልኩ መለሰው። ዛሬ ቤቱ የሚታየው በ1540 ገደማ እንደነበረ ሆኖ ነው፤ አልጋው፣ ገበታው፣ ሳጥኑ፣ ዕቃው ሁሉ በዘመኑ ልክ እንደ አዲስ የተሠራ ቅጂ ነው። አጠገቡ ካውፎልድ ከምትባል የሰሴክስ መንደር የመጣ፣ ዘመኑ የሚቀራረብ ጎተራ ቆሟል፤ የአትክልት ቦታውም በዘመኑ ይበቅል በነበረው ተተክሏል።

ይህ ውሳኔ እንግሊዝ ውስጥ የቆየ ቁስል ይነካል። በ1877 ገጣሚውና የእጅ ጥበብ ሰው ዊልያም ሞሪስ ጥንታዊ ሕንፃዎችን የሚጠብቅ ማኅበር ሲያቋቁም የተነሳው ይህንኑ ለመቃወም ነበር፤ «ወደ ጥንቱ እንመልሰው» እያሉ የኋለኛውን ዘመን ሥራ መፋቅ ታሪክን ማጥፋት ነው፣ ሕንፃ ይጠገን እንጂ ወደ አንድ ዘመን አይመለስ ብሎ። በዚህ ሚዛን ሲታይ የቤይሊፍ ጭስ ማውጫ መቅረቱ ጥፋት ነው። ጡቡን የደረደረው ግንበኛ፣ ከጭስ ነፃ በሆነ ክፍል ልጆቿን ያሳደገች እናት፣ ከቤቱ ታሪክ ወጥተዋል።

ተቃውሞውን ከልቤ እጋራለሁ፤ ግን እዚህ ቤት ላይ ሙዚየሙ ትክክል ነበር እላለሁ። ምክንያቴ ከእንጨቱ የመጣ ነው። የጥንቱ መልክ በምኞት የተሞላ አልነበረም። ፎቅ ሲገባ የተነሱት የመስኮት ዘንጎች የገቡባቸው ጉድጓዶች በአግዳሚዎቹ ላይ ነበሩ፤ እንጨት ሲነሳ ባዶ የቀረ ጉድጓድ ሌላ እንጨት ከየት እንደመጣ፣ በስንት ማዕዘን እንደተቀመጠ ይናገራል። የጣሪያው ወጋግራዎች በጥቀርሻ ጠቁረዋል፤ ይህ ደግሞ ከሥራቸው ክፍት እሳት መንደዱን ያለ ክርክር ያረጋግጣል። ማስረጃው ይህን ያህል ከበዛ፣ ቦታው ደግሞ ለውሃ ማጠራቀሚያ ከተሰጠ፣ ክፍት አዳራሽ ምን እንደሚመስል በሰውነቱ ገብቶ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው አንድ ሙሉ ቤት ማቆም ተገቢ ነው። የኋላ ጭስ ማውጫ ያላቸው ቤቶች በኬንት መንደሮች ሰው እየኖረባቸው በብዛት አሉ። ክፍት አዳራሹን እንደነበረ የያዘ ቤት ግን ብርቅ ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ከዚያው ሸለቆ ከመጣ ሌላ ሕንፃ ነው። ዊንክኸርስት የተባለው ትንሽ ሕንፃም ከባው ቢች ተፈትቶ በሙዚየሙ ግቢ ከሁሉ ቀድሞ ቆመ። ብዙ ዓመት ትንሽ የመኖሪያ ቤት ተደርጎ ሲታይ ኖረ። በኋላ አጽሙ እንደገና ሲመረመር ለብቻው የቆመ ወጥ ቤት እንደነበረ ተረዱ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈቱት፣ በግቢው ውስጥ ሌላ ቦታ ወሰዱት፣ ወጥ ቤት አድርገው አቆሙት። ሲሚንቶ ቢሆን ስህተቱ ለዘለዓለም ይቀር ነበር። የእንጨት ሚስማር ያለው አጽም ግን ስህተትን ለማረም ይፈቅዳል። ቤይሊፍም ነገ የተሻለ ማስረጃ ቢገኝ ሊታረም ይችላል።

ይህን ሁሉ ስል ግን ቤት መንቀል መልካም ነገር ነው ማለቴ አይደለም። የሙዚየሙ መሥራች ሮይ አርምስትሮንግ ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። ሰሴክስ ውስጥ ክሮውሊ የተባለችው አዲስ ከተማ ስትገነባ የመካከለኛው ዘመን ቤቶች ሲፈርሱ ያየ ሰው ነው፤ ሐሳቡ የተወለደው ከዚያ ነበር። ሙዚየሙ በ1970 ለሕዝብ ሲከፈት የያዘው መርህ ባለበት ሊተርፍ የሚችል ሕንፃ ባለበት ይቅር የሚል ነው፤ መፍታት የመጨረሻው አማራጭ ነው። ባለበት መቅረት ምን ያህል እንደሚበልጥ ለማየት ምሥራቅ ሰሴክስ ውስጥ ወዳለችው አልፍሪስተን መሄድ ነው። እዚያ ያለው የቄሶች ቤት የቤይሊፍ ዓይነት ዊልደን ነው፤ በ1896 ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር በ10 ፓውንድ የገዛው የመጀመሪያ ሕንፃው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ ከተሠራበት አፈር ሳይነቃነቅ ቆሟል። ቤይሊፍ ይህን አጥቷል። ወደ ሸለቆው የሚያወርደው መንገድ፣ ኦኩ የተቆረጠበት ጫካ ከቤቱ ጋር የነበራቸው ዝምድና በ1969 ተቆርጧል፤ የትኛውም ጥገና አይመልሰውም።

ለንደን ያላችሁ አንባቢዎች ሲንግልተን ሩቅ አይደለችም። ከቪክቶሪያ ጣቢያ በባቡር እስከ ቺቸስተር፣ ከዚያ ወደ ሚድኸርስት በሚሄደው አውቶቡስ ትደርሳላችሁ። አዳራሹ ውስጥ እሳት ይነዳል። ከገባችሁ አልጋውንና ገበታውን ለማየት አትቸኩሉ፤ እነሱ ቅጂ ናቸው። መጀመሪያ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ቁሙ። ከዚያ ቀና ብላችሁ ወጋግራዎቹን እዩ፤ ከ500 ዓመት በፊት የተቀመጠው ጥቀርሻ እዚያው ነው፣ የዛሬው እሳት ጭስ ደግሞ በላዩ እየተደረበ ነው። ቋሚዎቹን ጠጋ ብላችሁ በጎን ብርሃን ብታዩአቸው የአናጢውን ጭረቶች ታገኛላችሁ። ምንም እንጨት ያልገባበት ባዶ ጉድጓድ ስታዩ ደግሞ እዚያ የነበረውን እንጨት ማን እንዳነሳውና ለምን እንዳነሳው አብሯችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ።